ካሜራ ስትገዙ ዋጋው የሚያሳስታችሁ ቦታዎች

"ውድ ከሆነ ፎከሱ አይስትም" ማለት። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሰርግ የሚያነሱ ልጆች ካሜራ ሲቀይሩ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ የሚመረጡ የፎከስ ነጥቦቹ 9 ብቻ ነበሩ። አግድሙንም ቁልቁሉንም መስመር የሚያነበው ደግሞ የመሃሉ ብቻ ነው። በዓመቱ የመጣው የካኖን ሰቨን ዲ ዋጋው ከእሱ በ1,000 ዶላር ገደማ ያነሰ ሆኖ 19 ነጥብ ነበረው፤ ሁሉም በሁለቱም አቅጣጫ ያነባሉ። የፋይቭ ዲ ትርፍ ዋጋ የሄደው ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን ለሚቀርጸው ትልቅ ሴንሰር ነው። ለቆመች ሙሽራ እሱን እመርጣለሁ፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ለሚጋልቡት የአገው ፈረሰኞች ግን ርካሹን። ትልቅ ቦዲ (ያለ ሌንሱ ያለው የካሜራው አካል) ደንበኛን ማሳመኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፎቶ በደበዘዘ ቁጥር ካሜራውን መውቀስ። የሚጋልብ ፈረስ በ1/125 ሰከንድ ከተነሳ ፎከሱ ልክ ቢሆንም እንቅስቃሴው ያደበዝዘዋል። መጀመሪያ የሹተሩን ፍጥነት ወደ 1/1000 ሰከንድ አድርሱት። የቆመ ሰውም ከደበዘዘ ያኔ ፎከሱን ጠርጥሩ። በዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ) ፎከስ የሚለካው ክፍል ፎቶውን ከሚቀርጸው ሴንሰር የተለየ ነው። በሁለቱ መካከል ጥቂት መዛነፍ ካለ፣ ኤፍ 1.8 ላይ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል) ዓይኗን ያነጣጠራችሁባት ሙሽራ ጆሮዋ ጠርቶ ዓይኗ ይደበዝዛል። ሰቨን ዲ ላይ ይህ ከሜኑው ይስተካከላል፤ አብዛኞቹ ርካሽ ዲኤስኤልአሮች ግን ማስተካከያው የላቸውም። እዚህ ላይ ዋጋው የእውነት ልዩነት አለው። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) ግን ፎከሱን በዚያው በፎቶው ሴንሰር ስለሚለካ ርካሹም ቢሆን ይህ መዛነፍ አይገጥመውም። ያገለገለ ዲኤስኤልአር የምትገዙ ከሆነ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ በሰያፍ አንሱት፤ ካነጣጠራችሁበት መስመር ይልቅ የፊቱ ወይም የኋላው ከጠራ ዋጋ ላይ ተከራከሩ።

የብረት ቦዲ ውሃ አያስገባም ብሎ ማሰብ። የማግኒዥየም ቅይጡ የሚረዳው ለግጭት ነው። ውሃና አቧራ የሚገቱት መጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉት ጎማዎች ናቸው፤ ሌንሱ እነዚያ ከሌሉት የጢስ ዓባይ ፍንጣቂ በዚያ በኩል ይገባል። ይህ ሁሉ ከፎከስ ጋር ዝምድና የለውም።

ገንዘቡን ሁሉ ቦዲ ላይ መጨረስ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ዙም ሌንስ 55 ሚሊሜትር ላይ ብዙውን ጊዜ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግን ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ሌሊት ማኅሌት ለሚያነሳ ሰው ከሁለተኛ ቦዲ በፊት የሚገዛው እሱ ነው።