ሠራተኛው መሄድ ይችላል? ከአቅራቢ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት የሚጣራ ነገር

ሜክሲኮ፣ ለገሃር ወይም ስታዲየም አካባቢ ባለ ቢሮ ውስጥ የግዢ ክፍል ሠራተኛ ናችሁ እንበል። በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ በማለዳ ወለሉን የምትወለውለው ልጅ፣ አዲሱን ቅርንጫፍ የሚገነባው የቀን ሠራተኛ፣ ለበዓል ለደንበኛ የሚታደለው ነጠላ፣ ሁሉም በእናንተ ፊርማ ነው የሚመጣው። ሰዎቹን ግን የሚቀጥራቸው ሌላ ነው። የግዳጅ ሥራና የሰው ንግድ የሚደበቀው እዚያ መሃል ላይ ነው።

የተለመደው አሠራር ይታወቃል። "የግዳጅ ሥራ አንጠቀምም" የሚል ቅጽ ይላካል፣ አቅራቢው ማኅተሙን ያሳርፍበታል፣ ፋይል ይደረጋል፣ አለቀ። ይሄ ቅጽ ማንንም አያድንም። ከሱ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ተነሱ፦ ይህ ሠራተኛ ነገ "በቃኝ" ቢል፣ ደሞዙንና መታወቂያውን ይዞ መውጣት ይችላል?

ደሞዝ ማነሱ ብቻውን ግዳጅ አያሰኝም። ግዳጅ የሚሆነው ሰውየው እንዳይሄድ የያዘው ነገር ሲኖር ነው። እዚህ ከተማ የሚይዙትን ነገሮች ደግሞ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። "ለደህንነት" ተብሎ የተወሰደ መታወቂያ። ሁለት ወር የተያዘ ደሞዝ። ለደላላ የተከፈለ፣ ወይም ገና ከደሞዝ የሚቆረጥ ገንዘብ። ለዩኒፎርምና ለሥልጠና ተብሎ የተጻፈ ዕዳ። "ከወጣህ ተያዥህን ነው የምንጠይቀው" የሚል ማስፈራሪያ። አንሰጥም የተባለ የመልቀቂያ ክሊራንስ። አንዱ ብቻውን ሲገኝ መጥፎ አሠራር ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ከተደራረቡ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ላይ ባርነትንም፣ በሰው መነገድንም፣ የግዳጅ ሥራንም ይከለክላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፣ ሲለቅ ቀሪ ሂሳቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈለዋል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃውም ይሰጠዋል። ከደሞዙ የሚቆረጠው በአጠቃላይ ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። እነዚህን ቁጥሮች ውሉ ውስጥ አስገቧቸው። "አቅራቢው ሕግ ያከብራል" የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን አይበቃም።

አሁን ብዙ ሰው መስማት የማይወደው ነገር። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእኛ ዋጋ ነው። ጨረታ ከፍታችሁ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን የጥበቃ ኤጀንሲ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ አስሉ። የአንድ ጥበቃ ደሞዝ፣ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ፣ ዩኒፎርም፣ ዓመት ፈቃድ ሲወጣ የሚተካው ሰው፣ የኤጀንሲው ትርፍ፣ ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። የቀረበው ዋጋ ይህን ካልሸፈነ ልዩነቱ ከሠራተኛው ኪስ ወይም ከእንቅልፉ ነው የሚወጣው፤ 24 ሰዓት የሚቆም ጥበቃ በየቦታው የምናየውም ለዚህ ነው። እናንተ ክፍያ ሦስት ወር ስታዘገዩ ደግሞ ኤጀንሲው ያንኑ ለሠራተኛው ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ክፍያችሁ የሚፈጸምበትን ቀን ውሉ ላይ ጻፉ፣ አክብሩትም።

አቅራቢውን ሰነድ ስትጠይቁ የንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ ብቻ አትቀበሉ። የደሞዝ መክፈያ ዝርዝሩንና የባንክ ወይም የቴሌብር ማስተላለፊያውን አብራችሁ እዩ። የአሥር ሰው ደሞዝ አንድ ስልክ ቁጥር ላይ ከገባ፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ጠይቁ።

ከሰነድ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሰውየውን ማነጋገር ነው። አለቃው ባለበት አይሆንም። አለቃው ባመጣው አስተርጓሚም አይሆንም። ከግቢው ውጭ፣ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ዘንድ ቁጭ ብላችሁ፣ በሚገባው ቋንቋ። ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ የሚችል ባልደረባ ይዛችሁ ሂዱ። ማስታወሻ ደብተር አታውጡ፣ ፎቶ አታንሱ። ይህን ሥራ ማን አገኘልህ? ስንት ከፈልክ? መታወቂያህ የት ነው? ያለፈው ወር በእጅህ ስንት ደረሰህ? እናት ታመመች ቢባል ነገውኑ አገር ቤት መሄድ ትችላለህ? እነዚህ ይበቃሉ። አውቶቡስ ተራ ሲወርድ ያገኘው ደላላ ያመጣው ልጅ ከሆነ፣ መልሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይወጣል። ኢትዮጵያ ባጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 መሠረት የግል አሠሪና ሠራተኛ አገናኝ ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበል የለበትም። የነገራችሁን ሰው ስም ለአቅራቢው በጭራሽ አትስጡ። አደጋ የሚደርሰው እሱ ላይ ነው።

ግንባታ ላይ ዋናው ተቋራጭ የሚያሳያችሁ የራሱን ሰዎች ነው። ከሱ ሥራ ከፍሎ የወሰደውን የሰብ ኮንትራክተር ሠራተኞች ዝርዝር ጠይቁ፣ ማደሪያውንም እዩ። የማደሪያው በር በውጭ በኩል ከተቆለፈ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

የነጠላና የጋቢው ነገር ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናት ወይም በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ አለ። ከደቡብ፣ በተለይ ከጋሞ አካባቢ፣ "ከተማ አስተምረዋለሁ" ተብለው ከወላጅ የተወሰዱ ልጆች እዚህ መጥተው ቀኑን ሙሉ ክር ሲያጠነጥኑና ሲሸምኑ ተገኝተዋል። ሽመና የተከበረ ጥበብ ነው፣ ብዙው ሸማኔም በላቡ የሚኖር ሰው ነው፤ ግዢውን ማቆም እሱን መጉዳት ይሆናል። ይልቅ ትእዛዙን ቀደም አድርጉ። ዘመን መለወጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ብዙ መቶ ነጠላ ካዘዛችሁ፣ ነጋዴው ያለው ስንት መሸመኛ እንደሆነና አንዱ ነጠላ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቃችሁ አካፍሉ። ሂሳቡ ካልገጠመ ሌላ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እየሸመነ ነው። የሚሸመንበትን ቤት ካላሳየ አትግዙ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ሌሊትም አይሠራም።

አለቃ "ይሄ ሁሉ ለምን?" ካለ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ ገበያው ላይ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ እንዳወጣ ንገሩት። ወደ ውጭ የሚልክ ደንበኛ ካላችሁ ይህ ቀጥታ ይነካችኋል።

ችግር ካገኛችሁ በንዴት ውሉን ቀዳችሁ አትጣሉ። ውሉ ሲቋረጥ መጀመሪያ መንገድ ላይ የሚወድቀው ሠራተኛው ነው። መታወቂያ የያዘ፣ ደሞዝ ያስቀረ አቅራቢ በአጭር ቀነ ገደብ ይመልስ፤ እናንተም መመለሱን ከሠራተኛው አፍ ስሙ። እምቢ ካለ ጉዳዩን ለአዲስ አበባ ሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አቅርቡ። የተቆለፈበት፣ የተደበደበ ወይም በደላላ የተሸጠ ሰው ካለ ግን ከአቅራቢው ጋር አትደራደሩ። ያ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወንጀል ነው፣ ለፖሊስ በ991 ደውሉ። ልጅ ከሆነ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮን አሳውቁ፤ የሚያርፍበትና ወደ ቤተሰቡ የሚመለስበት መንገድ ሳይዘጋጅ ከሥራው ማስወጣት ብቻውን ለሌላ ደላላ ማስረከብ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ሳትናገሩ ተመለሱ። ያኔ ያላነጋገራችኋቸውን ሰዎች ፈልጉና እነዚያኑ ጥያቄዎች ጠይቋቸው።