ባለሥልጣንን በምክር ቤት ከስሶ ለማንሳት ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፕሬዚዳንትን፣ ሚኒስትርን ወይም ከፍተኛ ዳኛን በምክር ቤት ከስሶ ከሥልጣን ማንሳት፣ ማለትም ኢምፒችመንት፣ ቁጣና አብላጫ ድምፅ ስላለ ብቻ የሚሳካ ሥራ አይደለም። ማስረጃው ጠንካራ ሆኖ ሳለ ክሱ በቁጥር፣ በአጻጻፍ ወይም በቀን ስህተት ሊወድቅ ይችላል። የሚከተሉት ነጥቦች በዋናነት ክሱን ለሚያረቅቁ የምክር ቤት አባላትና ለሕግ አማካሪዎቻቸው ቢሆኑም ሂደቱን ለሚዘግቡም ይጠቅማሉ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ክስን እንደ መሻር መቁጠር

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ይከሳል፤ የሚፈርደው ሴኔቱ ነው። ቢል ክሊንተን በ1998፣ ዶናልድ ትራምፕ በ2019 እና በ2021 ተከሰዋል፤ ከሥልጣን ግን በክሱ የተነሳ የለም። በደቡብ ኮሪያ ፓርላማው ክሱን ሲያጸድቅ ፕሬዚዳንቱ ወዲያውኑ ከሥራ ይታገዳሉ፤ መነሳታቸውን የሚወስነው ግን ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ሲሆን ቢያንስ የ6 ዳኞች ድምፅ ያስፈልጋል። የየአገሩን ሕግ ሳያዩ «ተባረሩ» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው።

ሁለት ሦስተኛው ከስንቱ እንደሚሰላ አለማጣራት

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። በአሜሪካ ሴኔት ጥፋተኛ ለማለት የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚሰላው በስብሰባው ከተገኙት ነው። 100 ሴናተሮች ከተገኙ 67 ድምፅ ያስፈልጋል፤ 10 ቢቀሩ 60 ይበቃል። በደቡብ ኮሪያ ግን ፕሬዚዳንትን ለመክሰስ ስሌቱ ከጠቅላላው 300 መቀመጫ ስለሆነ፣ ማንም ይቅር ማንም ይምጣ፣ 200 ድምፅ የግድ ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ከአዳራሹ የቀረ አባል «አልደግፍም» ካለው አይለይም።

ዲሴምበር 7 ቀን 2024፣ በሴኡል የሆነው ይኸው ነው። የገዢው ፓርቲ አባላት አብዛኞቹ ድምፅ ሳይሰጡ በመውጣታቸው በፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ላይ በቀረበው ክስ ድምፅ የሰጡት 195 ብቻ ሆኑ። 200 ስላልሞላ ኮሮጆው ሳይቆጠር ክሱ ወደቀ። ከሳምንት በኋላ በአዲስ ክስ 204 ድጋፍ ሲገኝ ጸደቀ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥርዓት የሚቃወመውን ከማሳመን በፊት ሰው አዳራሹ ውስጥ እንዲቆይ ማድረግ ይቀድማል።

የሥልጣኑ ደረጃም ቁጥሩን ይቀይራል። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትርና ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሃን ዳክ ሱ በ192 ድምፅ ሲከሰሱ፣ የሚያስፈልገው ለፕሬዚዳንት የተደነገገው 200 ነው ወይስ ለጠቅላይ ሚኒስትር የሚበቃው 151 የሚል ክርክር ተነሳ። ፍርድ ቤቱ በማርች 2025፣ 151 ይበቃል ቢልም ክሱን ራሱን ውድቅ አደረገው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከድምፁ በፊት በጽሑፍ መልስ ማግኘት አለበት።

ብዙ ወንጀል በአንድ የክስ ነጥብ ማጨቅ

በአንድ ነጥብ ውስጥ ሐሰተኛ ምስክርነት፣ ጉቦና የሥልጣን ብልግና ከተደበላለቁ፣ አንዱ ጉቦውን፣ ሌላው ሐሰቱን ብቻ ያምናል፤ በየትኛው ላይ እንደተስማሙ አይታወቅም። የአሜሪካው ዳኛ ዋልተር ኒክሰን በ1989 በሁለት ነጥቦች ጥፋተኛ ተብለው ከሥልጣን ሲነሱ፣ ክሶቹን አጠቃሎ በያዘው ሦስተኛው ነጥብ ግን ነጻ ወጥተዋል። ለየጥፋቱ ለየብቻው ነጥብ፣ ለየነጥቡም ቀኑንና ማስረጃውን መጻፍ ይሻላል። በኬንያ በ2024 ምክትል ፕሬዚዳንት ሪጋቲ ጋቻጓ በ11 ነጥቦች ተከስሰው ሴኔቱ የተቀበለው 5ቱን ነበር፤ ለመነሳታቸው ያ በቃ።

ጥፋቱን አሳይቶ ክብደቱን መርሳት

ሕግ መጣሱን ማረጋገጥ የሥራው ግማሽ ነው። በ2004 የኮሪያ ፓርላማ ፕሬዚዳንት ሮህ ሙ ህዩንን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በምርጫ ጉዳይ ገለልተኛ የመሆን ግዴታቸውን መጣሳቸውን ቢያምንም፣ ጥሰቱ በሕዝብ የተመረጠን ሰው ለማንሳት የሚበቃ ከባድ አይደለም ብሎ ወደ ሥራቸው መለሳቸው። በ2017 ግን በፕሬዚዳንት ፓርክ ግዩን ህዬ ጉዳይ ክብደቱ ስለታየ 8ቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ አነሷቸው። ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ «ለምን እስከ ምርጫ መጠበቅ አይቻልም?» ለሚለው መልስ የሚሰጥ ክፍል ሊኖር ይገባል።

ቀን አለመቁጠር

በኮሪያ ክሱ ለምልዓተ ጉባኤው ከተነገረ በኋላ ድምፅ የሚሰጠው ከ24 ሰዓት በፊት አይደለም፤ ከ72 ሰዓትም ማለፍ አይችልም። በፊሊፒንስ ደግሞ በአንድ ባለሥልጣን ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ሂደት መጀመር ክልክል ነው። በ2025 በምክትል ፕሬዚዳንት ሳራ ዱቴርቴ ላይ የተመሠረተውን ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው በዋናነት በዚሁ ገደብ ነው። ደካማ ክስ በችኮላ ማስገባት ለጠንካራው በር ይዘጋል።

«ሥራ ከለቀቁ አለቀ» ብሎ ማሰብ

የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ኮሎር በ1992 ፍርዱ ሊሰጥ ሲል ቢለቁም ሴኔቱ ቀጥሎ ለ8 ዓመት ከሥልጣን አግዷቸዋል። ሁሉም አገር ግን ይህን አይፈቅድም።

ሁለተኛውን ድምፅ መዘንጋት

ከሥልጣን ማንሳትና ወደፊት እንዳይመለሱ ማገድ በብዙ ቦታ የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። የአሜሪካው ዳኛ አልሲ ሄስቲንግስ በ1989 በሴኔት ሲነሱ እገዳ አልተወሰነባቸውም፤ በ1992 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። በብራዚል በ2016 ፕሬዚዳንት ዲልማ ሩሴፍ በ61 ለ20 ድምፅ ሲነሱ፣ እገዳው ግን 42 ድምፅ ብቻ አግኝቶ ከሚያስፈልገው 54 ጎደለ። አባላቱ በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ ልዩ ልዩ አቋም ሊኖራቸው ስለሚችል፣ የድጋፍ ቆጠራው ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይሠራ፤ የእገዳው ጥያቄም በክሱ ጽሑፍ ውስጥ ከመጀመሪያው ይካተት።