የማይስማማንን ምግብ እየተዉና እየመለሱ ስለ መለየት

ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ሆዱ ጤና ሆኖ የሰነበተ ሰው፣ የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ሲቆርጠው «የቆየ ሆድ ቅባት ከብዶት ነው» ተብሎ ይታለፋል። እውነትም ሊሆን ይችላል። ሆኖም በዚያ አንድ ቀን ቅቤው፣ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡና ወተቱ በአንድነት ስለሚበሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ የማይስማማው ቢሆን እንኳ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ምግብን እየተዉ የመለየት ዘዴ ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው የተጠረጠረውን ምግብ ለጥቂት ሳምንታት መተው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ በአንድ መመለስ ነው። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ ይቆማል፤ መልሱ የሚገኘው ግን ከሁለተኛው ነው።

ከሁሉ በፊት አለርጂን ከአለመስማማት መለየት ያስፈልጋል። አለርጂ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ምግቡን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ ትንሽ ቁራሽም ሊበቃው ይችላል። አለመስማማት ግን የመፈጨት ችግር ነው። ለምሳሌ በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ሲያንስ፣ ስኳሩ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ስለዚህ ምግብ ከበላ በኋላ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ያንን ምግብ በቤቱ ፈጽሞ መሞከር የለበትም። እንዲህ ያለው ሙከራ ለከባድ አለርጂ በመርፌ የሚሰጠው አድሬናሊን የተባለ መድኃኒት ባለበት ሕክምና ቦታ፣ በሐኪም ፊት ብቻ ይደረጋል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ክብደታቸው የቀነሰ ሰዎችም ያለ ባለሙያ ምክር ምግብ ሊያስወግዱ አይገባም።

እኛ ዘንድ የሆድ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» የሚባል ስም ስለሚሰጠው፣ አስቀድሞ መመርመር ድካም ይቀንሳል። በተለይ ጃርዲያ የአንጀትን ግድግዳ ስለሚጎዳ ለጊዜው ወተት እንዳይስማማ ሊያደርግ ይችላል፤ ጃርዲያው ሲታከም ወተቱም ተመልሶ ሊስማማ ይችላል። በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የሚነሣውን የሴሊያክ በሽታ የሚጠረጥር ሰው ደግሞ የደም ምርመራውን ሳያደርግ ስንዴ ማቆም የለበትም፤ ካቆመ በኋላ ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላልና። በውጭ አገር የምትኖሩም፣ በአንድ የደም ናሙና በርካታ የማይስማሙ ምግቦችን እንለያለን እያሉ አይጂጂ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል የሚለኩ ምርመራዎችን አትግዙ፤ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት አይመክሯቸውም።

ማስወገዱ ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል እንደ ወትሮው እየበሉ ደብተር መያዝ ይገባል። የተበላው ምግብ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱና የተሰማው ስሜት ይጻፋል፤ «ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት፣ አንድ ብርጭቆ ወተት በባዶ ሆድ፤ 4 ሰዓት ላይ ሆድ ተነፋ» የሚል መስመር «ወተት አይስማማኝም» ከሚለው ብዙ ይበልጣል። ከዚያም ደብተሩ የጠቆመው አንድ ወይም ሁለት ምግብ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አስወግዶ በጎመንና በድንች ብቻ መክረም ሰውን ያደክማል እንጂ መልስ አያፋጥንም።

ሙሉ በሙሉ ማለት በቀላሉ የሚሠራ አይደለም። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እንጀራው ግን ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ በአሜሪካ የሚሸጠው እንጀራም ብዙውን ጊዜ ድብልቅ ነው። የጤፍ ዱቄቱም ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ሊፈጭ ይችላል። ከገብስ ብቅል የሚጠመቀው ጠላም ከግሉተን ነፃ አይደለም። ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ግብጦና አብሽ የኦቾሎኒ ዘመዶች መሆናቸውን አውቆ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርባቸው።

ከሁሉ የሚከብደው መሶቡ ነው። ምስር ወጡ፣ አይቡና ዶሮ ወጡ በአንድ እንጀራ ላይ ሲወጡ የአንዱ መረቅ ወደ ሌላው ይፈስሳል፤ የቤቱ እመቤትም «በሞቴ ይቺን ብቻ» ብላ ጉርሻውን ስታቀርብ አፍን መዝጋት የፍቅር መንፈግ ይመስላል። በእነዚያ ሳምንታት በራስ ሳህን መብላትና ምክንያቱን አስቀድሞ ለቤተሰብ መንገር ቅያሜን ያስቀራል፤ ዘመድ የሚቀየመው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ምልክቶቹ ካልቀነሱ የተወገደው ምግብ ጥፋተኛ ላይሆን ስለሚችል ወደ ማዕዱ ይመለስ። ከቀነሱ ግን መመለሱ ይጀመራል፤ ይህንን መቸኮል ያበላሸዋል። ወተትን ብንወስድ፣ በመጀመሪያው ቀን ሩብ ብርጭቆ፣ በሁለተኛው ግማሽ፣ በሦስተኛው ሙሉ ብርጭቆ ይጠጣል፤ ምልክት ከታየ እዚያው ይቆማል። ከዚያም ሆዱ እስኪረጋጋ ሁለት ሦስት ቀን ምንም አዲስ ነገር ሳይጨመር ይጠበቃል። በዚያን ጊዜ ወተቱ በቡና ወይም በብስኩት ተሸፍኖ ሳይሆን ለብቻው መሆን አለበት። ላክቶስ የማይስማማቸው ብዙ ሰዎች 12 ግራም ያህል፣ ማለትም በአንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ያለውን መጠን፣ ከምግብ ጋር ሲሆን ይችሉታል። እርጎና አይብ ደግሞ ሲረጉ ባክቴሪያዎች ላክቶሱን ስለሚቀንሱት ከወተት ይቀልላሉ። ስለዚህ ወተት አልስማማ ያለው ሰው እርጎን ለብቻው ሳይሞክር አይተው፤ የወተት አለርጂ ያለበት ግን እርጎውንም ቅቤውንም ይተዋል፣ ፕሮቲኑ በውስጣቸው አለና።

ሽሮ ለሙከራ አይመችም፤ በዱቄቱ ውስጥ ሽምብራው ወይም ባቄላው ከነጭ ሽንኩርትና ከበርበሬ ጋር ተደባልቋል፤ ወጡም በቀይ ሽንኩርት ይሠራል። ሽንኩርትና ጥራጥሬ አንጀት የማይፈጫቸው፣ ጋዝ የሚፈጥሩ የካርቦሃይድሬት ዓይነቶች አሏቸው፤ በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሎው ፎድማፕ የተባለውን የአመጋገብ ሥርዓት ያዘጋጁት እነዚህን ዓይነቶች በመቀነስ ነው። ስለሆነም ሽሮን የጠረጠረ ሰው መጀመሪያ የሽምብራ ንፍሮ ለብቻው ይብላ፣ ከቀናት በኋላም ሽንኩርቱን ለይቶ ይሞክር። እኔ እንደማየው ብዙዎች ለዓመታት ሽምብራን ሲወቅሱ የኖሩት ሽንኩርቱን ሳይፈትኑ ነው።

አንድ ምግብ በግልጽ ምልክት ካመጣ፣ ከተረጋጉ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ መሞከር ውጤቱን ያጸናዋል፤ ይህም የሚሠራው ለአለመስማማት ብቻ ነው። ውሳኔውም የዕድሜ ልክ አይደለም። በልጅነት የጀመረ የወተትና የእንቁላል አለርጂ ከዕድሜ ጋር ብዙ ጊዜ ስለሚለቅ፣ ልጁን በየጊዜው ሐኪም ዘንድ ማስመርመር ይገባል፤ የሆድ አለመስማማት ያለበት አዋቂም ከጥቂት ወራት በኋላ በትንሽ መጠን ደግሞ ይሞክረው።