ጨረር ሕክምና ለሚጀምር ልጅ ወላጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ከጎንደር ካንሰር የያዘውን ልጁን ይዞ ለጨረር ሕክምና የሚነሳ ወላጅ ጭንቀቱ ብዙ ነው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ስለነበር፣ ስንቱ ቤተሰብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ገብቷል። ወረፋው፣ ማረፊያው፣ ወጪው፣ ቤት የቀሩት ልጆች... የልጁ ፍርሃት የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ግን መቅደም አለበት ባይ ነኝ። ጨረሩ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ነው የሚሰጠው። የፈራ ልጅ ይወራጫል፤ እየተወራጨ ደግሞ ማከም አይቻልም።

«ፎቶ ልትነሳ ነው»

በጣም የተለመደው ይኼ ነው። ለአንድ ቀን ይሠራል። ሕክምናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት የሚሰጥ ነው። ሰኞ የዋሻችሁት ልጅ ማክሰኞ ይነቃባችኋል። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ብትነግሩትም አያምናችሁም።

እውነቱ ደግሞ ያን ያህል አያስፈራም። ጨረሩ እንደ ራጅ ነው፤ ሲሰጥ አያምም፣ አይታይም። ማሽኑ ልጁን ሳይነካ በዙሪያው ይዞራል፣ ድምፅ ያሰማል። ጨረሩ ራሱ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጊዜ የሚወስደው ልጁን አስተካክሎ ማስተኛቱ ነው። ይህንኑ በቅደም ተከተል ንገሩት። «ምንም የለውም» ብላችሁ ግን አትገላገሉ። አልጋው ጠንካራ ነው፣ ክፍሉም ሊቀዘቅዝ ይችላል። እሱንም ይወቀው። ለትንሽ ልጅ አንድ ቀን ቀደም ብሎ መንገር ይበቃል፤ ከፍ ላለ ልጅ ጥቂት ቀናት ስጡት፣ ጥያቄ ይኖረዋል።

ማስኩን ሳያለማምዱ መውሰድ

ጭንቅላት ወይም አንገት ላይ ለሚታከም ልጅ ማስክ ይሠራል። ብዙ ልጅ የሚሸበረው በማሽኑ ሳይሆን በዚህ ነው። ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ በቀዳዳ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይለሰልሳል። ከዚያ እርጥብና ሞቅ እንዳለ ፊቱ ላይ ይለጠጣል። በደቂቃዎች ውስጥ የፊቱን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። በየቀኑ ያንኑ ማስክ አድርጎ ከአልጋው ጋር ያያይዙታል። በቀዳዳዎቹ ይተነፍሳል፤ ግን ጥብቅ ነው፣ ጭንቅላቱን ማዞር አይችልም።

ቤት ውስጥ መለማመድ ይቻላል። ልጁን መደብ ላይ ያለ ትራስ በጀርባው አስተኙት። ለብ ባለ ውሃ የረጠበ ስስ ነጠላ፣ በደንብ ጨምቃችሁ፣ ግንባሩና ጉንጩ ላይ አድርጉለት። አፍንጫውና አፉ ክፍት ይሁን፣ አጠገቡ ሁኑ፣ «በቃኝ» ሲል ወዲያው አንሱለት። ከዚያ «ማን ሳይነቃነቅ ይቆያል» የሚል ጨዋታ ተጫወቱ። እናንተም ተኙ፣ እሱ ይቁጠርላችሁ። ሆስፒታል ስትደርሱ ደግሞ ማስኩን በእጁ እንዲነካው ጠይቁ። ቀለም እንዲቀቡለት የሚፈቅዱ ባለሙያዎችም አሉ።

«አልለይህም፣ እጅህን ይዤህ እቆማለሁ»

አትችሉም። ጨረሩ ሲሰጥ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ልጁ ብቻ ነው፤ ባለሙያዎቹም ይወጣሉ። በካሜራ ያዩታል፣ በማይክሮፎን ያናግሩታል። ስለዚህ «በሩ ውጭ ነኝ፣ እንዳለቀ እመጣለሁ» በሉት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ለሻይ ብላችሁ ዞር ማለት የለም!

አንዳንድ ሕክምና ቤት ረጅም ክር ይጠቀማሉ፤ አንዱን ጫፍ ልጁ፣ ሌላውን ከበር ውጭ እናቱ ትይዛለች። ጎንደር የቀረችውን አያት ድምፅ በስልክ ቀድቶ ማጫወትም ጥሩ ዘዴ ነው። «ተረት ተረት» ስትል ልጁ ማስኩ ውስጥ ሆኖ «የላም በረት» ማለት አይችልም። በልቡ ይበል፣ ሲወጣ ጮክ ብሎ ይመልስላታል።

«ዝም በል፣ መርፌ ይወጉሃል»

በመርፌ ያስፈራራችሁት ልጅ ነጭ ጋዋን ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም»ም ያው ነው። ማልቀስ ይችላል፤ የምንፈልገው አልጋው ላይ እንዳይነቃነቅ ብቻ ነው።

«አንጀቴ አልቻለም» ብሎ ማጉረስ

ትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ከአራት ዓመት በታች ያሉት፣ ብዙ ጊዜ በማደንዘዣ ተኝተው ነው የሚታከሙት። ከዚያ በፊት ሆዳቸው ባዶ መሆን አለበት። በተለምዶ ምግብ ከማደንዘዣው 6 ሰዓት ቀድሞ፣ የእናት ጡት ደግሞ 4 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ ስለ ውሃ ባለሙያው ይነግራችኋል። አንዲት ጉርሻ ብትሆንም ተመልሳ ሳንባ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። በድብቅ ካጎረሳችሁ ተናገሩ፤ ቀጠሮው ቢተላለፍ ይሻላል። ልጁ ፊት ቁርስ መብላትም ግፍ ነው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ተራ እንዲሰጧችሁ ለምኑ።

ምልክቱን ማጥፋት

ቆዳው ላይ የሚደረገው ምልክት ጨረሩ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ነው። ከጠፋ ልኬቱ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ ለልጁ ሌላ የፍርሃት ቀን ማለት ነው። ጠበል ስትወስዱት ያ ቦታ እንዳይታሽ ባለሙያውን አስቀድማችሁ አማክሩ። ጨረር ያረፈበት ቆዳ ላይ ቅቤም ሆነ ቅባት ሳትጠይቁ አትቀቡ። የአንገቱን መስቀል አውልቅ ከተባለም እዚያው በር ላይ አትንጠቁት፤ እስኪወጣ አንገታችሁ ላይ እንድታስሩት እሱ ራሱ ያስረክባችሁ።

ከንፈር መጣጮችን ማስገባት

ጠያቂ ይመጣል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ «ወይኔ ልጄን» ብሎ ፊቱ ላይ ያለቅሳል። ልጁ ሁሉንም ይሰማል። ደጅ ላይ አስቁማችሁ ንገሯቸው፤ ቢቀየሙም ይቀየሙ። «ጨረሩ ይተላለፋል» ብሎ ከወንድሞቹ መለየትም አለ። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም። ሐኪሙ ለኢንፌክሽን ብሎ ካልከለከለ በስተቀር እቀፉት፣ አብሯችሁ ይብላ።

«ለምዶታል»

አንዳንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ጎበዝ ሆኖ ድንገት «አልገባም» ይላል። ድካሙ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፣ ጉሮሮውን ወይም ቆዳውን አሞት ሊሆን ይችላል፣ ቤቱ ናፍቆትም ሊሆን ይችላል። ከመቆጣታችሁ በፊት ለነርሷ ንገሯት። ለቀሩት ቀናት ማደንዘዣ ካስፈለገውም ያስፈልገው፤ ልጁ ወድቋል ማለት አይደለም።