ስፒከሩን ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን እዩት

የቤታችሁ ሲኒማ ድምፁ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስፒከሩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የገመዱ ነው። እባካችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ፈትሹ።

ድምፅ አለ፣ ቤዝ የለም

የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሳይገለበጥ አይቀርም። አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አምፕሊፋየሩን አጥፉና ገመዱን ከጀርባው ንቀሉ። ጫፎቹን ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ላይ ለአፍታ ብቻ ንኩ። ከቀዩ ቀዳዳ የተነቀለው ጫፍ የባትሪውን ፖዘቲቭ ሲነካ የትልቁ ስፒከር ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ካለ ልክ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ገመዱን ገልብጡት።

ድምፅ ሲጨመር አምፕሊፋየሩ ይጠፋል

ይሄ እኔንም ሁለት ሳምንት አስጨንቆኛል። በመጨረሻ በባትሪ መብራት ከጀርባ ሳየው፣ ከቀዩ ቀዳዳ ያመለጠች አንዲት የመዳብ ክር ጥቁሩን ነክታ አገኘኋት። ከፀጉር አትወፍርም! ከሶኬት ነቅላችሁ የገመዱን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ላጡት፤ ክሮቹን አጥብቃችሁ ጠምዝዙና አስገቡ። ባናና የሚባለው መሰኪያ ከተገኘ ደግሞ ግልግል ነው።

የራቀው ስፒከር ይደክማል

ገመዱ ቀጭን ነው፣ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ክሩን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ከነጣ ተሸውዳችኋል። ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት የሚሸጠው ባለ ብዙ ክር 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ገመድ ለ8 ኦም ስፒከር እስከ 10 ሜትር በደንብ ይበቃል። ደርሶ መልስ 20 ሜትር ቢሆንም ኤሌክትሪኩን የሚገታው በ0.23 ኦም ገደማ ብቻ ነው። ስፒከራችሁ 4 ኦም ከሆነ 2.5 ግዙ።

እምምም የሚል ድምፅ አይጠፋም

የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉት። ዝም ካለ ጥፋተኛው ተገኘ፦ ዕቃዎቹ በተለያየ መንገድ ከመሬት ተገናኝተው በመሃላቸው ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው። ሁሉንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ካልጠፋ ከቲቪው ወደ አምፕሊፋየሩ ኦፕቲካል ገመድ ዘርጉ፤ የሚያስተላልፈው ብርሃን ስለሆነ ኤሌክትሪኩ አይሻገርበትም። የሶኬቱን የመሬት መስመር ቆርጦ ማስቆም ግን በፍጹም! የአምፕሊፋየሩ ብረት ኤሌክትሪክ ቢይዝ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

የቲቪው ድምፅ በኤችዲኤምአይ አልመጣም?

ገመዱን ቲቪው ላይ ኤአርሲ (ARC፣ ድምፁን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመልሰው) ተብሎ የተጻፈበት ቀዳዳ ውስጥ ሰኩት። ከዚያ በቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ኤአርሲንና ሲኢሲን (CEC፣ ዕቃዎቹ በገመዱ እንዲተዛዘዙ የሚያደርገውን) አብሩ።