ኩዌርሴቲን የሚወስዱ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ያመጡትን ሁለት ካፕሱል ባንኮኒው ላይ ፈቱልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ከሽንኩርት የሚወጣ ነው አሉኝ። የግፊቱን ኪኒን ልተወው እንዴ?» ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ኩዌርሴቲን ነው። አንዱን ከፈትኩት። እርድ የመሰለ ቢጫ ዱቄት ወጣ።

አዳማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ቆሜ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት ቆጥሬ አላውቅም። ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ኩዌርሴቲን ፍላቮኖይድ ከሚባሉት፣ ተክሎች ውስጥ ከሚገኙ ውህዶች ወገን ነው። ቀይ ሽንኩርት፣ የፖም ልጣጭ፣ ሻይ ቅጠልና ሽፈራው ውስጥ አለ። ተስፋ የሚጣልበት ነገር ነው፤ እሱን አልክድም። ጣጣው ያለው አወሳሰዳችን ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን አቁሞ በሱ መተካት ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ትንተና 7 ጥናቶችን፣ በድምሩ 587 ሰዎችን አንድ ላይ አይቷል። ኩዌርሴቲን የላይኛውን ግፊት ያወረደው በአማካይ በ3 ገደማ ነው። 3! ግፊታችሁ 170 ከሆነ 167 ትገባላችሁ ማለት ነው። ውጤቱ ጎልቶ የታየውም በቀን 500 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በወሰዱት ላይ ነው።

ጡረታ የወጡ ሹፌር ደንበኛ አሉኝ። ሁለት ወር ጠፍተው መጡና «ጋሼ፣ የግፊቱ ኪኒን፣ አምሎዲፒኑስ?» ስላቸው ሳቁ። «እሱን ትቼዋለሁ፤ አሁን የተፈጥሮውን ነው የምወስደው። ምንም አያመኝም እኮ!» አሉ። ለካኋቸው፤ 200 በ115። ግፊት መቼ ያማል? ባጃጅ አስቁሜ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። በኋላ ሲነግሩኝ አምሎዲፒኑን ለካ አልጣሉትም። «ለክፉ ቀን» ብለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውታል። ጋሼ፣ ክፉው ቀን ከዚህ ወዲያ ምን ይሁን?

ሁለተኛው «ከተክል ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ነው። አስተናግርም ተክል ነው። ኩዌርሴቲን ጉበት መድኃኒት የሚያስወግድባቸውን አንዳንድ ኢንዛይሞች ሊያውክ ይችላል። ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ኩላሊት ተተክሎላችሁ ሰውነት የተተከለውን እንዳይገፋ የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን ላይ ያላችሁ፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ካፕሱሉን አትንኩት። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ መደበቁ ነው። «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ስንል «የለም» ይባላል። ዕቃው ግን ቦርሳ ውስጥ ነው። እርጉዝ ከሆናችሁ ደግሞ ጭራሽ ይቅርባችሁ።

ሦስተኛውን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ኩዌርሴቲን ቤተ ሙከራ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ገደለ የሚል ነገር አንብቤ ዶርም ሙሉ ሰበክሁ። ክፍል ውስጥ ሳቀርበው መምህሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ደም ውስጥ ስንቱ ይደርሳል?» አፌ ደረቀ። መልሱ «በጣም ጥቂቱ» ነው። ሳህን ላይ ሕዋሱ ኩዌርሴቲን ውስጥ ተነክሮ ነው የሚውለው። ሰው ሲውጠው ግን አብዛኛው ሳይመጠጥ ያልፋል፤ የተመጠጠውንም አንጀትና ጉበት ወዲያው ወደ ሌላ መልክ ይለውጡታል። ዛሬም ቲክቶክ ላይ «ካንሰር ገዳይ» የሚል ቪዲዮ ሳይ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።

ሽንኩርት እስከ ልቡ መላጥም አለ። አዳማ ሬድ የሚባል ዝርያ በከተማችን ስም የወጣልን ሰዎች ይህን ባንሠራ ጥሩ ነበር። ኩዌርሴቲኑ በብዛት ያለው ውጭ ውጩ ላይ ነው። ደረቁን ልጣጭ ብቻ አንሱለት፤ ከሥሩ ያለውን ወፍራም ቀይ ሽፋን አትጣሉት። ሲቀቀል ከፊሉ ወደ ውኃው ይወጣል፤ ወጥ ግን ውኃው ስለማይደፋ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ይህን ስል ሽንኩርት ካፕሱሉን ይተካል ማለቴ አይደለም። 100 ግራም ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ያለው፣ እንደ ዝርያው ቢለያይም፣ ከ30 እስከ 40 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንዷ ባለ 500 ካፕሱል ከ1 ኪሎ ሽንኩርት በላይ ናት። ስለዚህ ካፕሱሉን እንደ ምግብ አትቁጠሩት።

በተቃራኒው «ፍላቮኖይድ ሁሉ የነጋዴ ወሬ ነው» የሚሉም አሉ። ለፊንጢጣ ኪንታሮት የሚታዘዘው ዲዮስሚንና ሄስፔሪዲን ያለበት ኪኒን ፍላቮኖይድ ነው። ልኩ ታውቆ፣ ሰው ላይ ተሞክሮ ነው እዚያ የደረሰው።

እኚያ እናት ታዲያ የቀረችውን ካፕሱል መልሰው ቋጠሩ። ግፊታቸውን ለካሁላቸው፤ በኪኒናቸው ደህና ናቸው።

«ለልጄ እንግዲህ ምን ልበላት?» አሉኝ።

«እማማ፣ በሚቀጥለው የግፊት መለኪያ ትላክልዎት።»