የሐኪምና የታካሚ ንግግር እንዴት ይለካል?

ከተመላላሽ ሕክምና ክፍል የወጣ ታካሚ «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ጥሩ ናቸው» ይላል። ነገ ተመልሶ የሚመጣበትን ቤት ማማት ማን ይወዳል? ይህን መልስ ሰብስቦ «አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን ረክተዋል» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ሰውየው ግን የታዘዘለት ኪኒን ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህን ለማወቅ ነው፤ ለትንሽ ክሊኒክም፣ ለሆስፒታል የጥራት ክፍልም፣ የመመረቂያ ጥናት ለሚሠራ ተማሪም ያገለግላል።

አንደኛ፦ ምን እንደሚለኩ ይወስኑ

ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ ምን አደረገ? ታካሚው እንዴት ተሰማው? ታካሚው ምን ይዞ ወጣ? እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። ታካሚውን በስሙ እየጠራ፣ እየሳቀ የሚያስተናግድ ሐኪም ስለ መድኃኒቱ አንድም ነገር ሳያስረዳ ሊሸኝ ይችላል። ፊቱ የማይፈታ ሐኪም ደግሞ ጥርት ያለ ማብራሪያ ሊሰጥ ይችላል። ሦስቱንም ለመለካት አቅም ከሌለ ሦስተኛውን ይምረጡ እላለሁ፤ ይሉኝታ እዚያ ላይ ብዙም አያዛባም።

ሁለተኛ፦ ጥያቄውን ስለ ድርጊት ያድርጉት

«ረክተዋል?» ስሜትን ይጠይቃል፤ «ሐኪሙ የሚሉትን እስከ መጨረሻው አዳመጠዎት?» የሆነውን ይጠይቃል። በአሜሪካ ተኝተው የታከሙ ሰዎች የሚጠየቁበትና ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ የሚደረገው ኤችካፕስ የተባለ መጠይቅ ስለ ሐኪሞች የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በአክብሮት አስተናግደዎታል? በጥሞና አዳምጠዎታል? በሚገባዎት መንገድ አስረድተዎታል? መልሱም «በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ሁልጊዜ» ነው። ለአንድ ጊዜ የተመላላሽ ሕክምና ግን «ሁልጊዜ» ትርጉም ስለማይሰጥ «አዎ በሚገባ፣ በከፊል፣ የለም» የሚለው ይሻላል።

ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለተኝቶና ለተመላላሽ ታካሚዎች የተዘጋጁ አጫጭር መጠይቆች ተፈትሸው በ2011 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። የትኛውንም ቢወስዱ ግን ከመጠቀምዎ በፊት ለጥቂት ታካሚዎች ያንብቡላቸውና «ይህ ጥያቄ ምን ማለት ይመስልዎታል?» ብለው ይጠይቁ። «በአክብሮትና በግልጽ አነጋገሩዎት?» የሚል ጥያቄ ካለ ለሁለት ይክፈሉት፤ ተከብሮ ሳይገባው የወጣ ሰው ምን ብሎ ይመልስ?

ሦስተኛ፦ ጠያቂውና ቦታው

ጠያቂው ነጭ ጋውን አይልበስ፤ ያከመው ሐኪም ወይም ነርስ ደግሞ ጨርሶ አይሁን። ታካሚው መድኃኒቱን ተቀብሎ ጉዳዩን ሲጨርስ፣ ከሕክምና ክፍሉ ራቅ ባለ ቦታ ይጠየቅ። ኤችካፕስ ታካሚውን የሚያገኘው ከሆስፒታል ከወጣ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በኋላ ነው፤ ስልክ ያላቸውን በፈቃዳቸው ቤታቸው ከገቡ በኋላ መደወል እዚህም ይቻላል። ማንበብ ለማይችል ይነበብለት። ፊቱ ደስ ያላችሁን ሰው አትምረጡ፤ በየአምስተኛው ወይም በየአሥረኛው የሚወጣውን ጠይቁ። ስሙ እንደማይጻፍና «አልፈልግም» ማለት እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረው።

ቋንቋውን አይርሱ። በአማርኛ የሚጠይቅ ሐኪምና አፋን ኦሮሞ የሚናገር ታካሚ በአስታማሚ በኩል ከተነጋገሩ፣ የተለካው የሐኪሙ ንግግር ብቻ አይደለም። ማን እንዳስተረጎመ በቅጹ ላይ ይመዝገብ። አስታማሚው በታካሚው ፋንታ መመለስ ሲጀምርም በትህትና ያስቁሙት፤ የሚፈለገው የታካሚው ቃል ነው።

አራተኛ፦ ይዞ የወጣውን ይለኩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ሕመምዎ ምን እንደሆነ ተነገረዎት? ይህ መድኃኒት ለምንድን ነው? እንዴትና እስከ መቼ ይወስዱታል? ምን ምልክት ካዩ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይመጣሉ? ቀጠሮዎ መቼ ነው? ታካሚው በራሱ አነጋገር ይመልስ፤ እርስዎ ካርዱ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። ሙሉ ለሙሉ ትክክል ከሆነ 2፣ በከፊል ከሆነ 1፣ ካላወቀ ወይም ከተሳሳተ 0 ይስጡ። ድምሩ ከአሥር ነው።

«ገብቶዎታል?» ብለው ግን አይጠይቁ። «አዎ» ከማለት በቀር ምን ይባላል? «ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ያስረዱታል?» ቢሉ የተሻለ ነው፤ ሰውየው ፈተና የተቀመጠ አይመስለውም።

ውጤቱ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። የደም ግፊት ኪኒን የታዘዘለት ሰው ግፊቱ ሲወርድ ማቆም እንዳለበት አምኖ ሊወጣ ይችላል፤ «እስከ መቼ» የሚለው ጥያቄ የገባው ለዚህ ነው። የስኳር ታካሚ የሆነች እናት ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሲገባ መድኃኒቷን እንዴት እንደምትወስድ ማንም አልጠየቃት ይሆናል። ጠበል ሲገቡ መድኃኒት የሚያቋርጡም አሉ። ስለ ጾሙና ስለ ጠበሉ ሐኪሙ ጠይቆ እንደሆነ የሚመዘግብ አንድ መስመር ቅጹ ላይ ቢጨመር፣ ከውጭ ተተርጉመው የሚመጡ መጠይቆች የማያነሱትን ነገር ያስገኛል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ታካሚው የሚጎዳውን ነገር ይዞ መውጣቱን ካወቁ ነጥቡን መዝግበው ዝም አይበሉ፤ ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ፋርማሲው መልሰው ይላኩት። በሌላ በኩል እንደ ካንሰር ያለ ከባድ ሕመም ሲሆን ቤተሰብ «ለእሱ አይነገረው» ብሎ ሐኪሙን የሚለምንበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ጥያቄ የተገኘው ዜሮ በሐኪሙ ላይ መቆጠር የለበትም፤ ለብቻው ይመዝገብ። እንዲህ ዓይነቱን ታካሚም ሕመሙን በሚገልጥ ጥያቄ አያስጨንቁት።

አምስተኛ፦ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ይመልከቱ

ለዚህ የሐኪሙም የታካሚውም ፈቃድ ያስፈልጋል። የእጅ ሰዓትና አንድ ገጽ ቅጽ ይያዙ። ሐኪሙ ራሱን አስተዋወቀ? ታካሚው ችግሩን ሳይቋረጥ ተናገረ? በመጨረሻ «የሚጠይቁት አለ?» ተባለ? ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በ1984 እ.ኤ.አ. ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 74 የሕክምና ውይይቶችን በድምፅ ቀድተው ሲያዳምጡ፣ ሐኪሞቹ ታካሚውን ያቋረጡት በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ነበር። የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ የጨረሰው ታካሚ ከአራቱ አንድ እንኳ አይሞላም።

ሰው እየታየ ሲሠራ ጠባዩን ማሳመሩ አይቀርም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ታካሚዎች ውጤት አይቁጠሩ። በተቻለ መጠን ሁለት ሰዎች ያው አንድ ውይይት ላይ ተቀምጠው ለየብቻ ይሙሉ፤ ቅጾቻቸው በብዙ ቦታ ከተለያዩ ችግሩ ቅጹ ላይ ነው።

ስድስተኛ፦ ስሌቱ

አማካይ አይሥሩ። ከ40 ታካሚዎች 22ቱ «አዎ በሚገባ» ካሉ ውጤቱ 55 በመቶ ነው፤ በቃ። «በከፊል» የሚለውን ከመልካሙ ጋር አይደምሩት፤ በእኛ አገር «በከፊል» ብዙ ጊዜ በጨዋ አነጋገር «የለም» ማለት ነው። ግሪጎሪ ማኩል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ታካሚዎች የሐኪሙን አነጋገር ደረጃ የሚሰጡበት ባለ 15 ጥያቄ መለኪያም የሚቆጥረው ከፍተኛውን ደረጃ የሰጡትን ብቻ ነው።

በአሥር ታካሚ ሐኪምን ከሐኪም አያወዳድሩ፤ የአንድ ሰው መልስ ውጤቱን በ10 ነጥብ ያንቀሳቅሰዋል። ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን ሐኪሙ በዚያ ቀን ስንት ሰው እንዳየ ይጻፍ። ስልሳ ሰው ያየን ሐኪም ሃያ ካየው ጋር ማፎካከር ግፍ ነው፤ ያኔ የተለካው ወረፋው እንጂ ሐኪሙ አይደለም።

ሰባተኛ፦ ለሐኪሙ ይመልሱ

የሐኪሞችን ስም ከውጤታቸው ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፈ ሆስፒታል በሚቀጥለው ዙር እውነተኛ መረጃ አያገኝም። ውጤቱን ለባለቤቱ ለብቻው ይስጡት፤ ታካሚዎች በብዛት ያልመለሱትን አንድ ጥያቄም ይጠቁሙት። ለምሳሌ «ከታካሚዎችዎ ብዙዎቹ መቼ በአስቸኳይ መመለስ እንዳለባቸው አያውቁም» ማለት በቂ ነው። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ቅጽ፣ በዚያው ቦታና በተመሳሳይ ሰዓት ይድገሙት። በመካከል ጥያቄ ከቀየሩ የተቀየረውን ጥያቄ ውጤት ከበፊቱ ጋር አያነጻጽሩት።